«የሴቶቹ ዋንጫ አይቆጠርም» ለሚሉ ወገኖች



ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ባለፈው ሰሞን በማደሪያችን አዳራሽ የተነሣ አንድ ክርክር ነው። ከሕንድ አገር፣ ከቤንጋሉሩ ከተማ የመጣ የክፍል ጓደኛችን ስለሚደግፈው የክሪኬት ክለብ፣ ስለ ሮያል ቻሌንጀርስ ሲያወራ «በ2025 የመጀመሪያውን ዋንጫ በላን» አለ። አጠገቡ የተቀመጠች የአገሩ ልጅ «የመጀመሪያው በ2024 ነው፤ ያመጡትም ሴቶቹ ናቸው» ብላ አረመችው። ይህን ጊዜ ከእኛው መካከል አንዱ፣ ክሪኬት ምን እንደሆነ እንኳ በቅጡ የማያውቅ ጓድ፣ ጣልቃ ገብቶ «የሴቶቹ አይቆጠርም» ሲል ፈረደ። ብዙዎቻችን ሳቅን። እኔም ሳቅሁ። በኋላ ግን ሳስበው ሳቁ አልተዋጠልኝም።

ነገሩን ለማያውቁ ወገኖች ጥቂት ማብራሪያ ያስፈልጋል (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። እኛ የገና ጨዋታን እንጂ ክሪኬትን ይዘን አላደግንም። እዚህ መካከለኛው ምሥራቅ ግን ከዚህ ጨዋታ ማምለጥ አይቻልም፤ በዕረፍት ቀን የሕንድ፣ የፓኪስታንና የባንግላዴሽ ሠራተኞች በየባዶ ሜዳው ሲጫወቱት እናያለን። የሕንድ ፕሪሚየር ሊግ የተባለው ውድድር ራሱ በ2020 ሙሉ በሙሉ የተካሄደው በዱባይ፣ በአቡ ዳቢና በሻርጃ ነበር። በ2024 መጨረሻ ላይም የተጫዋቾቹ ሐራጅ የወጣው ጂዳ ላይ ነው። አዎን፣ ሐራጅ! ባለክለቦቹ በየጠረጴዛቸው ተቀምጠው በተጫዋቹ ስም ላይ ዋጋ ይጨምራሉ፤ የበለጠ የሰጠ ይወስዳል። ይህ ራሱን የቻለ ሌላ ጽሑፍ የሚጠይቅ ጉዳይ ስለሆነ ለጊዜው አልፈዋለሁ።

የሚጫወቱት አጭሩን ክሪኬት ነው። እያንዳንዱ ቡድን 120 ኳስ ይወረወርለታል፤ ብዙ ነጥብ ያስቆጠረ ያሸንፋል፤ ሁሉም ነገር በአንድ ምሽት ያልቃል። ክለቦቹ የከተማ ስም ይያዙ እንጂ የግል ንብረት ናቸው። የሕንድ ክሪኬት ቦርድ የሮያል ቻሌንጀርስን መብት በ2008 የሸጠው በ111.6 ሚሊዮን ዶላር ነበር። የሴቶች ፕሪሚየር ሊግ የተጀመረው ግን በ2023 ነው። በመካከሉ 15 ዓመት አለ። ይህ ቁጥር ሊሰመርበት ይገባል፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

የሮያል ቻሌንጀርስ የወንዶች ቡድን ከ2008 እስከ 2024 ድረስ 17 ጊዜ ተወዳድሮ አንድም ዋንጫ አላገኘም። በ2009፣ በ2011 እና በ2016 ለፍጻሜ ደርሶ ሦስቱንም ጊዜ ተሸነፈ። ደጋፊው «ዘንድሮ ዋንጫው የእኛ ነው» የሚል መፈክር አውጥቶ በየዓመቱ ሲደግመው ለሌሎቹ ክለቦች ደጋፊዎች መሳቂያ ሆኖ ነበር። በአንጻሩ የሴቶቹ ቡድን በ2023 የመጀመሪያዎቹን 5 ግጥሚያዎች በተከታታይ ተሸንፎ ከአምስት ቡድኖች አራተኛ ወጣ፤ በሁለተኛው ዓመት ዋንጫውን ወሰደ። ፍጻሜው ዴልሂ ላይ፣ ከዴልሂ ቡድን ጋር ነበር። ዴልሂዎች አንድም መቺ ሳይወጣባቸው 64 ነጥብ ደርሰው ነበር። ከዚያ ሶፊ ሞሊኑ የተባለችው አውስትራሊያዊት በስድስት ኳስ ውስጥ ሦስቱን አስወጣች፤ ሽሬያንካ ፓቲል አራት ጨመረች፤ ዴልሂ በ113 ነጥብ አለቀ። ቤንጋሉሩዎች ሦስት ኳስ ሲቀራቸው አለፏቸው። ከሁለት ቀን በኋላ በከተማቸው ስታዲየም ወንዶቹ ተጫዋቾች በሁለት ረድፍ ቆመው ሴቶቹን በጭብጨባ መካከላቸው አሳለፏቸው። ያ ሰልፍ በእውነቱ ያማረ ሰልፍ ነበር።

ከተጫዋቾቹ መካከል አሻ ሶብሃና የተባለችውን እዚህ ላይ ማንሣት እወዳለሁ። የኬረላ ልጅ ናት። ክለቡ በ2023 ሐራጅ ላይ የወሰዳት በዝቅተኛው ዋጋ፣ በ1 ሚሊዮን ሩፒ ነበር። ብዙ ተጫዋች ጫማውን በሚሰቅልበት በ32 ዓመቷ፣ በየካቲት 2024 በአንድ ግጥሚያ አምስት መቺዎችን አስወጣች፤ ከአምስቱ ሦስቱን በአንድ ተራ ውርወራ ነው የጣለቻቸው። ክለቧ ያን ዕለት ያሸነፈው በ2 ነጥብ ብቻ ነው። በግንቦት ወር 33 ዓመት ሞልቷት ለመጀመሪያ ጊዜ ለአገሯ ብሔራዊ ቡድን ተሰለፈች። ሊጉ በ15 ዓመት ዘግይቶ ባይመጣ ኖሮ ይህች ሴት በ20ዎቹ ዕድሜዋ ምን ልትሠራ ትችል እንደነበር አንባቢ ይገምተው። እንደ እሷ ያሉና ሊጉ ሳይደርስላቸው ያረጁ ስንት ናቸው?

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። በ2024 አንድ የወንዶች ቡድን ለተጫዋቾች እንዲያወጣ የተፈቀደለት ጣሪያ 1 ቢሊዮን ሩፒ ነበር፤ የሴቶቹ ደግሞ 135 ሚሊዮን። «ወንዶቹ ብዙ ይጫወታሉ፤ ቁጥራቸውም ይበዛል» የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። መልካም፤ ይህንንም እናስላው። የወንዶቹ ቡድን ቢበዛ 25 ሰው ይይዛል፤ በመደበኛው ዙር 14 ጊዜ ይጫወታል። የሴቶቹ ቢበዛ 18 ሰው ይይዛል፤ 8 ጊዜ ይጫወታል። ለአንድ ሰው በአንድ ግጥሚያ ሲከፈል ለወንዱ በአማካይ 2.9 ሚሊዮን ሩፒ ገደማ፣ ለሴቷ ከ1 ሚሊዮን በታች ይደርሳል። በሁሉም በኩል አስተካክለን እንኳ አንድ ሦስተኛ መሆኑ ነው።

«ገቢ አያመጡም» የሚለው ሌላው መከራከሪያ ነው። እውነት ነው፤ ከ2023 እስከ 2027 ያለው የወንዶቹ የቴሌቪዥንና የኢንተርኔት ስርጭት መብት 483.9 ቢሊዮን ሩፒ ሲያወጣ የሴቶቹ 9.51 ቢሊዮን ብቻ ነው ያወጣው። ይህን የሚክድ የለም። ግን ከየት የመጣ ልዩነት ነው? ያልዘሩት አይበቅልም። አንዱን ማሳ 15 ዓመት እያረሱና እያጠጡ፣ ሌላውን ጦም አሳድረው ሲያበቁ «ይሄኛው መሬት ፍሬ የለውም» ማለት ፍጹም የተሳሳተ አመለካከት ነው። በተጨማሪም ወንዶቹ 17 ዓመት ያለ ዋንጫ ሲኖሩ ውጤት አላመጣችሁም ተብሎ ከደመወዛቸው የተቀነሰባቸው የለም። የሚከፈላቸው በዋንጫ ካልነበረ፣ ሴቶቹ ዋንጫ ሲያመጡ «አይቆጠርም» የሚባለው በየትኛው ሚዛን ነው? ደራርቱ ቱሉ በ1992 ባርሴሎና ላይ ወርቅ ስታመጣ የሴት ወርቅ ነው ብሎ በግማሽ የቆጠረው ኢትዮጵያዊ አላውቅም።

ያ ጓዳችን «ለወንዶቹ ዋንጫ ከተማው በሙሉ ወጥቶ የለም ወይ?» ሲልም ጠይቆ ነበር። ወጥቷል። የወንዶቹ ቡድን ሰኔ 3 ቀን 2025 ፑንጃብን በ6 ነጥብ አሸንፎ ዋንጫውን አነሣ። በማግሥቱ ክለቡ ሕዝቡን በማኅበራዊ መገናኛ ጠርቶ በቂ ዝግጅት ባልተደረገበት በዓል ላይ፣ በቺናስዋሚ ስታዲየም በሮች 11 ሰዎች ተረጋግጠው ሞቱ፤ ከ50 በላይ ቆሰሉ። ክለቡ ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ለእያንዳንዱ ሟች ቤተሰብ 2.5 ሚሊዮን ሩፒ እንደሚሰጥ አስታወቀ። የሕዝብ ብዛት የዋንጫ ክብደት መለኪያ ሆኖ ሲቀርብልኝ ለእኔ የሚታዩኝ እነዚያ በሮች ናቸው።

በመሠረቱ እኩል መክፈል የማይቻል ነገር እንዳልሆነ ያሳየው የሕንድ ክሪኬት ቦርድ ራሱ ነው። በ2022 ለብሔራዊ ቡድን የሚሰለፉ ወንዶችና ሴቶች የግጥሚያ አበል እኩል እንዲሆን ወሰነ፤ ለአንድ አጭር ግጥሚያ ለሁለቱም 300 ሺህ ሩፒ። ዓመታዊው ኮንትራት ያን ጊዜ አልተነካም፤ ሆኖም እርምጃው ትክክለኛ ነበር። የሁለቱን ሊጎች ጣሪያ የሚወስነውም ይኸው ቦርድ ነው።

እኔ በአንድ ጀምበር ሁሉም ይስተካከል አልልም። ከታች መጀመር ግን ይቻላል። በ2024 ለወንዶች የሐራጁ ዝቅተኛ መነሻ ዋጋ 2 ሚሊዮን ሩፒ ሲሆን የሴቶቹ 1 ሚሊዮን ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የወንዶቹ ወደ 3 ሚሊዮን ከፍ ብሏል። በዚያው በ2024 ዋጋ የሴቶቹን መነሻ ከወንዶቹ ጋር ለማስተካከል፣ 18ቱም ተጫዋቾች በዝቅተኛው ዋጋ የተወሰዱ ናቸው ብንል እንኳ፣ አንድን ክለብ የሚያስወጣው 18 ሚሊዮን ሩፒ ነው። ይህ ለወንዶቹ ከተፈቀደው ገንዘብ ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞላም። ሒሳቡን ያ «አይቆጠርም» ያለው ጓዳችን ራሱ ያጣራው፤ የምሕንድስና ተማሪ ነው።