«ሲስተም የለም» እና ማንም ያልተረከበው መጋዘን

በአዲስ አበባ መሥሪያ ቤቶች ባለጉዳይን ተስፋ የሚያስቆርጥ አንድ ዐረፍተ ነገር አለ፦ «ሲስተም የለም»። ማብራሪያ የለውም፤ ይግባኝም አይባልበትም። መታወቂያ ለማሳደስ ከሥራው ፈቃድ ወስዶ የመጣው ሰው ዞሮ ይሄዳል። የልደት ማስረጃ ፈላጊዋ በማግሥቱ ትመለሳለች። ይህን የሚናገረው ሠራተኛም ቢሆን ምን እንደጠፋ አያውቅም፤ የሚያውቀው ስክሪኑ መቆሙን ብቻ ነው።

ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል። መብራት ጠፍቶ ይሆናል፤ የኢንተርኔት መስመር ተቆርጦ ይሆናል። እነዚህ ሁለቱ ሁሉም ሰው የሚያውቃቸው ስለሆኑ ጥፋቱ ሁሉ በእነሱ ይሳበባል። ሦስተኛው ምክንያት ግን ስሙ አይነሳም፤ እሱም መረጃው የተቀመጠበት መንገድ ነው። የተቋማት አለቆች ስለ ሰርቨር ሲያወሩ ስንት እንደተገዛ ይናገራሉ። መረጃው በየትኛው ዲስክ ላይ እንዳለና ያ ዲስክ ቢሞት ምን እንደሚሆን ግን ሲጠየቁም ሲመልሱም አይሰማም።

ጉዳዩ የቴክኒክ ሰዎች ብቻ ይመስላል፤ አይደለም። ዛሬ አንድ ጠንካራ ሰርቨር ገዝቶ በውስጡ አሥር «ቨርቹዋል ማሽን» ማስቀመጥ የተለመደ አሠራር ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ አሥር ተከራይ እንደማኖር ማለት ነው። እያንዳንዱ የራሱ በር ያለው ይመስለዋል፤ አጥሩና ቆጣሪው ግን አንድ ነው። አንዱ ተከራይ የሰው ኃይል መዝገቡ ነው፣ ሌላው የሒሳብ ሥርዓቱ፣ ሌላው የባለጉዳይ ፋይሉ። እያንዳንዱ ማሽን በዲስክ ላይ የተቀመጠ ትልቅ ፋይል ነው። ፋይሎቹ በዚያው ሰርቨር ሆድ ውስጥ ካሉ፣ ሰርቨሩ የታመመ ዕለት አሥሩም አብረው ይተኛሉ። በኔትወርክ በሚጋራ የጋራ መጋዘን ላይ ከተቀመጡ ግን አጠገቡ ያለው ሁለተኛ ሰርቨር በደቂቃዎች ውስጥ አንስቶ ያስነሳቸዋል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚባለው እዚህ ላይ ይሠራል፤ ሁለት ሰርቨር የሚያብረው ግን ሁለቱም የሚያዩት አንድ መጋዘን ሲኖር ነው።

ጉለሌ ክፍለ ከተማን ለአብነት መውሰድ ይቻላል። የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ የሚገኘው እዚያ ነው፤ በ2008 ዓ.ም በአገሪቱ የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተደረገውም በዚሁ ሆስፒታል ነው። ኩላሊት የተተከለለት ሰው ዕድሜ ልኩን ክትትል ያስፈልገዋል፤ የመድኃኒቱ መጠንና የደሙ ውጤት ከዓመት ዓመት እየተነጻጸረ ይታያል። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትም በዚሁ ክፍለ ከተማ ነው፤ የአገሪቱ ወረርሽኝ የሚመረመርበት ቤት ነው። በየወረዳው ደግሞ የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ አለ። የእነዚህን ተቋማት መጋዘን ማን እንዴት እንደሠራው መዳኘት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም። ነጥቡ እንዲህ ያለ መዝገብ የሚጠፋበት ሰው ማን እንደሆነ ማስታወስ ነው፤ መዝገቡ ሲጠፋ ከኮምፒውተሩ ይልቅ የሚጎዳው በሽተኛውና ባለጉዳዩ ነው።

የጋራ መጋዘን መሥራት ውስብስብ ጥበብ አይጠይቅም። «ኤንኤፍኤስ» የሚባለው ፋይልን በኔትወርክ የማጋሪያ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1984 ሰን ማይክሮሲስተምስ ያስተዋወቀው ነው፤ አርባ ዓመት አልፎታል። በመጋዘኑ ማሽን ላይ አንድ ፎልደር ይመደባል፤ ማን እንዲገባበት እንደሚፈቀድም ይጻፋል። በቨርቹዋል ማሽኖቹ ሰርቨር ላይ ደግሞ በጥቁሩ ስክሪን አንድ መስመር ትእዛዝ ይጻፋል፦ የመጋዘኑ ስም፣ ዓይነቱ፣ አድራሻው፣ የፎልደሩ መንገድና ምን እንደሚቀመጥበት። «ፕሮክስሞክስ» በተባለው ሥርዓት ይህ መስመር በአንዲት ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል፤ የቡድኑ ሰርቨሮች ሁሉ ያችኑ ፋይል ያነባሉ። ሰው አንብቦ የሚረዳት፣ አትሞ በፋይል ሊያስራት የሚችላት ናት።

ይህ ሁሉ ታዲያ በመዳፊት እየተጫኑ በመስኮት ላይ ሊሠራ አይችልም ወይ? ይችላል፤ የሚበዛውም እንደዚያ ነው። ችግሩ ክሊክ ዱካ አለመተዉ ነው። ጨረታ ያሸነፈው ድርጅት ባለሙያ ይልካል፤ ባለሙያው ከሰዓት በኋላ ተቀምጦ ሲጫን ይውላል፤ ሲስተሙ ይነሳል፤ ርክክብ ይፈረማል። ሰርቨሩ በሞዴል 19 ንብረት ክፍል ይገባል። ኬብሉ ይቆጠራል፣ መደርደሪያው ይቆጠራል። የተሠራበት መንገድ ግን በየትኛውም ሞዴል አልገባም፤ በባለሙያው ጭንቅላት ውስጥ ሆኖ አብሮት ይወጣል። ከሁለት ዓመት በኋላ ሦስተኛ ሰርቨር ሲጨመር የቀድሞውን የሚያስታውስ አይገኝም።

መዘዙ በጥቃቅን ነገር ይመጣል። በ«ቪኤምዌር» ሰርቨሮች ላይ አንዱን መጋዘን በአንዱ ሰርቨር በስሙ፣ በሌላው በቁጥር አድራሻው ቢመዘግቡት ሥርዓቱ ሁለት የተለያዩ መጋዘኖች አድርጎ ያያቸዋል፤ ማሽኑን ከአንዱ ወደ ሌላው ለማሻገር ሲፈለግ እንቢ ይላል። በፕሮክስሞክስም በሰርቨሩ በራሱ ዲስክ ላይ «የጋራ» የሚለውን ምልክት ማድረግ ዲስኩን የጋራ አያደርገውም፤ ምልክቱ የጋራ መሆኑን ይናገራል እንጂ አያጋራም። እንዲህ ያለው ስሕተት በተጻፈ መስመር ላይ ዓይን ይገባል፤ በተረሳ ክሊክ ውስጥ ግን ሰርቨሩ እስኪወድቅ ተደብቆ ይቆያል።

መብራት በሚጠፋበት አገር ደግሞ አንዲት ቃል ብቻ የመዝገብ ዕጣ ትወስናለች። መጋዘኑ ገና በሜሞሪ ያለውን መረጃ «ዲስክ ላይ ጽፌዋለሁ» ብሎ እንዲመልስ ማድረግ ይቻላል፤ ፍጥነት ስለሚጨምር ብዙ ባለሙያ ይወደዋል። ዩፒኤሱ ደክሞ ጄኔሬተሩ ሳይነሳ መብራት ከጠፋ ግን ተጽፏል የተባለው አልተጻፈም። ያንን ምርጫ ማን አደረገው? መቼ? ለምን? ትእዛዙ ተጽፎ ከተያዘ መልስ አለው። ካልተያዘ የለውም።

ጥቁሩ ስክሪን አደገኛ ነው የሚል ክርክር ይነሳል፤ ክርክሩ መሠረት የሌለው አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥር 2017 መጨረሻ በጊትላብ ኩባንያ ሌሊት ሲሠራ የነበረ ባለሙያ በሌላኛው ሰርቨር ላይ ያለ መስሎት የዋናውን መረጃ ቋት በአንድ ትእዛዝ አጥፍቶታል። የባሰው ግን ቀጥሎ የታየው ነው፤ ኩባንያው የተማመነባቸው የባክአፕ ዘዴዎች አንድ በአንድ ሲታዩ እንደታሰበው የሚሠሩ አልነበሩም። የዳነው ከስድስት ሰዓት ገደማ በፊት በአጋጣሚ በተወሰደ ቅጂ ነው። እንግዲህ ትምህርቱ «ትእዛዝ አትጻፉ» የሚል አይደለም። ያልተፈተነ ባክአፕ ባክአፕ አይደለም የሚል ነው።

«ሁሉም በአንድ ትልቅ የመንግሥት ዳታ ሴንተር ይሰብሰብና እንገላገል» የሚሉም አሉ። መልሱ ከደቡብ ኮሪያ መጥቷል። እ.ኤ.አ. መስከረም 26 ቀን 2025 በዴጆን ከተማ በሚገኘው የመንግሥት ዳታ ሴንተር በባትሪ የተነሳ እሳት የመንግሥት ሠራተኞች ሰነድ የሚያስቀምጡበትን የጋራ መጋዘን በላው። 858 ቴራባይት መረጃ ጠፋ። መጋዘኑ በጣም ግዙፍ ነው ተብሎ ሌላ ቦታ ቅጂ አልነበረውም። በዲጂታል አስተዳደር ከዓለም ቀዳሚ የሚባል አገር ነው ይህ የደረሰበት። የጋራ መጋዘን ሰርቨር ሲሞት ያድናል፤ መጋዘኑ ራሱ ሲቃጠል የሚያድነው ሌላ ግቢ ያለ ሁለተኛ ቅጂ ብቻ ነው።

በጀት የለም የሚለው ሦስተኛው ምክንያት ነው። ብሮድኮም ቪኤምዌርን በኅዳር 2016 ዓ.ም ከጠቀለለ በኋላ አንዴ ተገዝቶ ለዘለቄታው የሚያገለግለው ፈቃድ ሽያጭ ቆሟል፤ አዲስ ገዢ በየጊዜው በዶላር ይከፍላል። ፕሮክስሞክስ ግን ቪየና በሚገኝ ኩባንያ የሚሠራ፣ ምንጩ ክፍት የሆነና ያለ ክፍያ ሊሠራበት የሚቻል ነው፤ የጋራ መጋዘኑም ጤናማ ዲስኮች ባሉት አሮጌ ሰርቨር ሊጀመር ይችላል። ውዱ ነገር ሰው ነው። ባንክ የተሻለ ይከፍላል፣ ውጭ አገርም ይጠራል፤ በመንግሥት ደመወዝ ጎበዝ ባለሙያ ማቆየት ከባድ ነው። ለዚህም ነው ዕውቀቱ ከሰውየው ተለይቶ በወረቀት መቅረት ያለበት።

የሚያስፈልገው እርምጃ ብዙ አይደለም። አንደኛ፣ ሰርቨር የሚገዛ ተቋም ሁሉ መጋዘኑ የተዋቀረባቸውን ትእዛዞች በሙሉ፣ ከነምክንያታቸው፣ የርክክብ ሰነዱ አካል ያድርጋቸው፤ የይለፍ ቃሎቹ ለብቻቸው ይቆለፉ። ሁለተኛ፣ ርክክብ ከመፈረሙ በፊት በኮሚቴው ፊት አንዱ ሰርቨር ኤሌክትሪኩ ይነቀል፤ ማሽኖቹ በሌላው ላይ በስንት ደቂቃ እንደተነሱ በቃለ ጉባኤ ይያዝ። ካልተነሱ ክፍያ አይለቀቅ። ሦስተኛ፣ በሌላ ግቢ ሁለተኛ ቅጂ ይኑር፤ በየሩብ ዓመቱ አንድ ማሽን ከቅጂው ተነስቶ ይታይ። አራተኛ፣ ይህን የሚያደርገው የተቋሙ የራሱ ሠራተኛ ይሁን፤ ሻጩ ቆሞ ይመልከት።

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የዜጎችን መረጃ የያዘ ተቋም መረጃውን እንዲጠብቅ ግዴታ ጥሎበታል። ብዙዎች አዋጁን ከምስጢር ጋር ብቻ ያያይዙታል። መረጃ ግን በሌባ ብቻ አይጠፋም፤ በተቃጠለ ዲስክም ይጠፋል። የጠፋበት ሰው ልደቱን እንደገና ሊያስመሰክር፣ ምርመራውን እንደገና ሊከፍል ይገደዳል።

ስለዚህ ምክር ቤት አባልም ሆነ የቦርድ ሰብሳቢ፣ የሚቀጥለው ሰርቨር ሲመረቅ የሚጠይቀው ጥያቄ ስንት ሚሊዮን ብር ወጣ የሚለው ብቻ አይሁን። «ይህን አሁን ብታጠፉት ምን ይሆናል?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱም በቃል እንዳይሆን፤ አጥፍተው ያሳዩት።