የሕግ አውጪዎችን ክፍያ ማን ይወስን? የኬንያ ተሞክሮ

የምክር ቤት አባላት የራሳቸውን ደመወዝ በራሳቸው ድምፅ የሚወስኑ ከሆነ በጀት አጽዳቂውና ተጠቃሚው አንድ ይሆናሉ። ጎረቤት ኬንያ ይህን አሠራር ለማስቀረት እ.ኤ.አ በ2010 ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት የወሰደችው እርምጃና ከዚያ ወዲህ የገጠማት ውዝግብ በመንግሥት አስተዳደር ሥራ ላይ ያሉ ባለሙያዎች ሊመረምሩት የሚገባ ነው።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 230 የተቋቋመው የደመወዝና የክፍያ ኮሚሽን የምክር ቤት አባላትን ጨምሮ የሁሉንም የመንግሥት ሹማምንት ደመወዝና ጥቅማ ጥቅም ይወስናል። ሲወስንም አጠቃላዩ የደመወዝ ወጪ ከአገሪቱ አቅም በላይ አለመሆኑን የማጤን ግዴታ አለበት። በአንቀጽ 116 ደግሞ ለአባላቱ ቀጥተኛ የገንዘብ ጥቅም የሚያስገኝ ሕግ ከቀጣዩ ምርጫ በፊት ሥራ ላይ እንዳይውል ተደንግጓል።

ድንጋጌው ለፈተና የቀረበው ብዙም ሳይቆይ ነበር። እ.ኤ.አ በ2013 በሣራ ሴረም ይመራ የነበረው ኮሚሽን የአንድ አባል ወርሃዊ ክፍያ ከ851 ሺህ ወደ 532 ሺህ 500 ሽልንግ ዝቅ እንዲል ወሰነ። አዲስ የተመረጡት አባላት በበኩላቸው ውሳኔውን በድምፃቸው ውድቅ አደረጉት። በዚያው ዓመት ግንቦት ወር ተቃዋሚ ሰልፈኞች አሳማዎችን እየነዱ በናይሮቢ የፓርላማው ደጃፍ ላይ ቁጣቸውን መግለጻቸው ይታወሳል። በመጨረሻ በተደረሰው ስምምነት ደመወዙ ኮሚሽኑ በቆረጠው መጠን ሲጸና፣ ለእያንዳንዱ አባል ግን የመኪና መግዣ 5 ሚሊዮን ሽልንግ ተፈቀደ።

ክፍተቱ የታየው እዚህ ላይ ነው። በደመወዝ በኩል የተዘጋው በር በአበል በኩል ተከፈተ። የአባላቱን አገልግሎትና መገልገያ የሚያሟላው የፓርላማ አገልግሎት ኮሚሽን የሚባል ሌላ አካል ሲሆን፣ አብዛኞቹ መቀመጫዎች በራሳቸው በምክር ቤቱ አባላት የተያዙ ናቸው። እ.ኤ.አ በ2019 ለእያንዳንዱ አባል በወር 250 ሺህ ሽልንግ የቤት አበል እንዲከፈል የተደረገው በዚሁ አካል አማካይነት ነው። የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ በታኅሣሥ 2020 በሰጠው ፍርድ፣ ጥቅማ ጥቅምም ቢሆን ያለ ደመወዝ ኮሚሽኑ ውሳኔ ሊከፈል እንደማይችል በመግለጽ አበሉን ሕገ ወጥ ብሎታል። አገልግሎትና ጥቅማ ጥቅም የሚለዩበት ድንበር በሕጉ ቀድሞ በግልጽ ተሠምሮ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ ችሎት ፊት ባልቀረበ ነበር።

ሥልጣኑን ለገለልተኛ አካል ማስተላለፍ ሌላም ዋጋ አለው። በብሪታንያ እ.ኤ.አ በ2009 የወጪ አበል ቅሌትን ተከትሎ የተቋቋመው ገለልተኛ ባለሥልጣን እ.ኤ.አ በ2015 የአባላቱን ዓመታዊ ደመወዝ ከ67 ሺህ 60 ወደ 74 ሺህ ፓውንድ ከፍ ሲያደርግ የትላልቆቹ ፓርቲዎች መሪዎች ቢቃወሙም ሊያስቆሙት አልቻሉም። ጭማሪን ለራስ የመፍቀድ ሥልጣን ሲወሰድ አልፈልግም የማለት ሥልጣንም አብሮ ይሄዳልና።

ኬንያ ውስጥ ግን ሕዝቡ ኮሚሽኑንም ዝም ብሎ አላለፈውም። እ.ኤ.አ በ2024 አጋማሽ ወጣቶች የግብር ጭማሪን በመቃወም አደባባይ በወጡበት ወቅት ኮሚሽኑ አስቀድሞ ያወጣው የሹማምንት የደመወዝ ጭማሪ ተግባራዊ የሚሆንበት ጊዜ ደርሶ ነበር። ከየአቅጣጫው ትችት በመቅረቡ ጭማሪው እንዲቆም ተደርጓል።