የሚሰማው ከሌለ መጥሪያ ምን ይረባል?

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

በአዳማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። በከተማችንም ሆነ በሞጆ፣ በባቱና በሻሸመኔ ፎቅ ቤት መበራከቱ ደስ የሚያሰኝ ነው። በአንዳንዱም በርና አሳንሰር የቪዲዮ መጥሪያ ተተክሏል። ይህ መሣሪያ ድምፅና ምስል የሚያስተላልፈው፣ ኃይልም የሚያገኘው እስከ 100 ሜትር በሚዘረጋ በአንድ የኔትወርክ ገመድ ስለሆነ፣ ሌላ የመብራት መስመር አያሻውም።

ይሁንና ኃይሉን የሚያድለው ስዊች ባትሪ ከሌለው፣ መብራት ሲጠፋ መጥሪያውም አብሮ ይጠፋል። ባለፈው ወር አንዲት ተማሪዬ በአሳንሰር ውስጥ መብራት ጠፍቶባት መጥሪያውን ብትጫን መልስ አጣች። የደረሰላት ጩኸቷን የሰማ ሊስትሮ ነው።

የቆቃ ግድብ ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ በአጠገባችን ኃይል ቢያመነጭም፣ የመብራት መጥፋት ለእኛ እንግዳ አይደለም። ስለዚህ የሕንፃ ባለቤቶች ለስዊቹ ባትሪ ያድርጉ፤ ሌሊትም ጥሪ የሚቀበል ዘበኛ ይመድቡ፤ በየወሩ መብራቱን ራሳቸው አጥፍተው ይፈትኑት፤ መመሪያውም በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ይጻፍ። ማዘጋጃ ቤቱም ይህን ሳያይ የመጠቀሚያ ፈቃድ ባይሰጥ መልካም ነው። አለዚያ ነገሩ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆንብናል።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ መምህር፣ ከአዳማ