ዳር ሲደፈር መሃል ዳር ይሆናል

(ስለ ሐይቅ ዳሩ የጀልባ ማረፊያ ከማኅበራችን የተሰጠ አቋም)



ዓሣ አጥማጆቻችን ታንኳና ጀልባ በሚያስሩበት የጣና ዳር ላይ የቱሪስት ጀልባ ማረፊያ፣ ከነሆቴሉና ከነመኪና ማቆሚያው ሊሠራ መታሰቡን አብዛኞቻችሁ ሰምታችኋል። ያልሰማ ካለ ከዚህ ሰሌዳ ላይ ይስማ። ሐሳቡን ያመጡት ሰዎች ፕላኑን ለማኅበራችን ኮሚቴ አሳይተዋል። ማሳየታቸው መልካም ነው፣ እናመሰግናለን። ነገር ግን ፕላኑ ላይ ያየነው ነገር አንጀታችንን ስላቃጠለው ዝም ብለን ልናልፈው አልቻልንም። ሆቴሉ በቀይ ተቀልሟል። የመኪና ማቆሚያው በግራጫ ተቀልሟል። የእኛ ሰዎች በየማለዳው መረባቸውን የሚያወርዱበት ቦታ ግን ባዶውን ተትቶ በላዩ «ክፍት ቦታ» ተብሎ ተጽፎበታል።

ክፍት ቦታ! ኧረ ለመሆኑ የማን ዓይን ነው ክፍት ሆኖ ያገኘው?

ይህን «ክፍት ቦታ» ማየት የፈለገ ሰው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ይውረድ። ጎህ ሳይቀድ የወጡት ታንኳዎች ሲመለሱ ያገኛቸዋል። ቆሮሶው ለብቻ፣ አምባዛው ለብቻ፣ ነጭ ዓሣው ለብቻ ሲለይ ያያል። አንዱ ያወርዳል፣ አንዱ ይመዝናል፣ አንዱ ሆዱን ከፍቶ ያጸዳል፣ አንዱ ፊሌቶ ያወጣል። ጎረምሳው በጋሪ ጭኖ ለምግብ ቤቶች ያደርሳል። እናቶች ብረት ምጣዳቸውን ጥደው ይጠብሳሉ። አባባ ጥላ ሥር ቁጭ ብለው የተቀደደ መረብ ይጠግናሉ። ልጆች ትምህርት ቤት ከመሄዳቸው በፊት ቅርፊት ፍቀው የደብተር መግዣ ያገኛሉ። እንግዲህ አንድ ዓሣ ከውሃ ወጥቶ ሳህን ላይ እስኪደርስ ስንት እጅ እንደሚነካው ቁጠሩት። ያ ሁሉ እጅ እንጀራ የሚቆርሰው ከዚያች «ክፍት ቦታ» ነው።

ይህ ሥራ ትናንት የተጀመረም አይደለም። ከተማው ከተማ ከመሆኑ በፊት የነገደ ወይጦ ወገኖቻችን በዚህ ሐይቅ ላይ በደንገል ታንኳ ኖረዋል። ከተማው በሰፋ ቁጥር ከዳሩ ሲገፉ፣ ተመልሰውም ሲገፉ የኖሩት እነሱ ናቸው። አሁን ደግሞ ሌላ ዙር መጣ ማለት ነው። የታንኳ ነገር ከተነሳ፣ ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በ1961 ዓ.ም. «ራ» በተባለችው የደንገል ጀልባ የአትላንቲክን ውቅያኖስ ለማቋረጥ ሲነሳ ደንገሉን ያስወሰደው ከየት ነበር? ከዚሁ ከጣና ነው! የሩቅ አገር ሰው ፈልጎ አስፈልጎ ያገኘውን እኛ በደጃችን ያለውን ነቅለን ሲሚንቶ ልናፈስበት ነው። ከዚያ ቱሪስቱ መጥቶ ምን ሊያይ? ሲሚንቶማ በአገሩም ሞልቶታል።

ሚዛን እንዳይጓደል የማረፊያው ደጋፊዎች የሚሉትን አንድ በአንድ እናያለን።

1ኛ/ «ለወጣቱ ሥራ ይፈጠራል» ይላሉ። ይህን በቀላሉ አናየውም። በየቤታችን ተምሮ የተቀመጠ ልጅ አለ። ከአባሎቻችን መካከልም ማረፊያው ይሠራ የሚሉ አሉ። እነሱ ልጆቻቸው ሥራ ያጡባቸው ወላጆች እንጂ የማንም ጠላት አይደሉም። ነገር ግን ስንት ሰው ይቀጠራል፣ ለስንት ጊዜ፣ ከሰፈሩ ነው ወይስ ከሌላ ቦታ ብለን ጠይቀናል። የተሰጠን መልስ «በሂደት ይታያል» የሚል ነው። በሂደት የሚታይ ሥራ ዛሬ በእጅ ባለ ሥራ አይለወጥም። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» እንዲሉ፣ የያዝነውን ንቀን በኋላ እንዳንፈልገው እንሰጋለን።

2ኛ/ «ቱሪስት ገንዘብ ያመጣል» ይላሉ። ያመጣል፣ አይተናል። ወደ ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ ወደ ክብራን ገብርኤል፣ ወደ ደቅ ደሴት ናርጋ ሥላሴ እንግዳ ሲጎርፍ ከእኛም ሰፈር የተጠቀመ አለ። እንግዳ ግን ሰላም ሲኖር ይመጣል፣ ክፉ ወሬ ሲሰማ ይቀራል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ገባ፣ እንግዳ ጠፋ። በ2013 ዓ.ም. በሰሜን ጦርነት ተነሳ፣ እንግዳ ጠፋ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን ግጭት ሆነ፣ እንግዳ ጠፋ። የአስጎብኚ ጀልባዎች ታስረው ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቅባቸው አላየንም እንዴ? ታዲያ በነዚያ ክፉ ቀናት ድስታችን ውስጥ የገባው ምንድን ነው? ከዚያች ዳር የወጣው ዓሣ አይደለም? በእንግዳ ላይ ብቻ የቆመ ሰፈር እንግዳው ሲቀር አብሮ ይወድቃል።

3ኛ/ «ትልልቅ ጀልባ ይገባል፣ ሐይቁ ይለማል» ይላሉ። ጣናን የማያውቅ ሰው ጥልቅ ይመስለዋል። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ጥልቀቱ በአማካይ 8 ወይም 9 ሜትር፣ ከሁሉ የጠለቀውም ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። ዳር ዳሩማ በበጋ በእግር የሚገባበት ነው። በ1988 ዓ.ም. ጨረጨራ ላይ የውሃ መቆጣጠሪያ ተሠራ። በ1995 ዓ.ም. ሐይቁ ከልክ በላይ ወርዶ ትልልቆቹ ጀልባዎች ለወራት ሥራ ማቆማቸውን ያየ ያስታውሳል። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የጣና በለስ የኃይል ማመንጫ ከሐይቁ ውሃ መውሰድ ጀመረ። ስለሆነም ትልቅ ጀልባ ዳር ድረስ ይምጣ ከተባለ ዳሩ መቆፈሩ፣ ደንገሉም መነቀሉ አይቀርም። ደንገል ሲነቀል የዓሣ ጫጩት መጠለያ አብሮ ይነቀላል፣ የታንኳ መሥሪያም አብሮ ይሄዳል። ውሃው በሸሸ ጊዜ ደግሞ ትልቁ ጀልባ ይቆማል፣ ማረፊያውም ደረቅ መሬት ላይ ይቀራል። ታንኳ ግን እጅግ በሳሳ ውሃ ላይም ይሄዳል።

4ኛ/ «የዓሣው ቦታ ይሸታል፣ ለከተማው ነውር ነው» የሚሉም አልጠፉም። እውነት ነው፣ ይሸታል! የውሃ ቧንቧ የለም፣ የአጥንትና የአንጀት መጣያ ጉድጓድ የለም። ለዚህ መፍትሔው ቧንቧ ማስገባትና ጉድጓድ መቆፈር እንጂ ሰው መንቀል አይደለም። ሽታ በውሃ ይታጠባል። ረሃብ በምን ይታጠባል?

ይህን የምንለው እንግዳ ጠልተን አይደለም። በእንግዳ የሚኖሩትም እኮ ልክ ማበጀት ይዘዋል። የጣሊያኗ ቬኒስ ከዓለም ሁሉ ሰው የሚጎርፍባት ከተማ ናት። እዚያ እንኳ ግዙፎቹ የመዝናኛ መርከቦች በከተማዋ መሃል ባለው የውሃ መንገድ እንዳያልፉ መንግሥታቸው በ2013 ዓ.ም. ከልክሏል። ለምን ቢባል፣ ነዋሪውና ውሃው ካልተጠበቁ እንግዳው የሚመጣበት ነገር ራሱ ይጠፋል ብለው ነው። እነሱ ዘግይተው የተማሩትን እኛ ቀድመን ብንማረው ምን አለበት?

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን እንመለስ። ሌላውን ሂስ ያደረገ ግለ ሂስም ማድረግ አለበት። በ1978 ዓ.ም. ገደማ ሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ወደ ሐይቁ ሲገባ ምርቱ አደገ፣ ሁሉም ደስ አለው። ነገር ግን ልክ አልተበጀለትም። ጣና ውስጥ ነጭ ዓሣ ከምንለው ወገን 15 ያህል ዝርያዎች በዓለም ላይ ሌላ ቦታ አይገኙም። ክረምት ሲገባ እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ ሌሎቹ ወንዞች ይወጣሉ። ያን ጊዜ የወንዙን አፍ በመረብ የሚዘጋው ማን ነው? ዓይኑ የጠበበ መረብ እየጣለ ጫጩቱን ሳይቀር ጠርጎ የሚያወጣው ማን ነው? ከእኛ መካከል ያለ ሰው ነው። በዚህ ምክንያት ይህ ዓሣ ክፉኛ ተመናምኗል። ይህን ሳንናገር ብናልፍ የማረፊያው ደጋፊዎች «ዓሣውን ራሳችሁ ጨረሳችሁት» ቢሉን መልስ አይኖረንም። ስለዚህ ዳሩ ይጠበቅልን የሚል ዓሣ አጥማጅ እሱም በበኩሉ ሐይቁን መጠበቅ አለበት።

መጠበቅ ደግሞ እናውቅበታለን። በ2004 ዓ.ም. ገደማ እምቦጭ ሐይቁ ላይ ከታየ በኋላ ስንቱ ሰው ነው ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ የነቀለው? በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጣናን ከዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች አንዱ አድርጎ ሲመዘግበው የኮራነው ሁላችን ነን። ባዮስፌር ማለት ሰውና ተፈጥሮ ተከባብረው የሚኖሩበት ማለት ነው ብለው አስረድተውናል። ሰውየውን አስወጥቶ ምን ዓይነት መከባበር ሊኖር ነው?

በመሆኑም ማኅበራችን የሚከተለውን ይጠይቃል፦

ሀ/ ከተማችን የጀልባ ወደብ አላት። መጀመሪያ እሱ ይታደስ፣ ይስፋ። እንግዳ ከዚያ ይሳፈር። በአንድ ከተማ አንዱን አሮጌ ትቶ ሌላ አዲስ መሥራት ብክነት ነው።

ለ/ ፕላኑ ይታረም። «ክፍት ቦታ» የሚለው ይፋቅና «የዓሣ አጥማጆች ማረፊያና ገበያ» ተብሎ ይጻፍ። በወረቀት ላይ ያልተጻፈ ሰው በመሬት ላይም እንደሌለ ይቆጠራልና ይህች ጽሑፍ ቀላል ነገር አይደለችም።

ሐ/ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 92 ሕዝብን በሚነካ የአካባቢ ጉዳይ ላይ የሚመለከተው ሕዝብ ሐሳቡን እንዲገልጽ ያዛል። ሥራው የሚያደርሰው ጉዳት ተጠንቶ፣ ሁላችን በሚገባን ቋንቋ ተጽፎ በዚህ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ለኮሚቴ ማሳየት ለሕዝብ ማማከር አይደለም።

መ/ ዓሣ አጥማጆቻችን ዓይኑ የጠበበ መረብ ላለመጣልና በመራቢያ ወራት የወንዝ አፍ ላለመዝጋት በስብሰባ ፊት ቃል ይግቡ። ቃሉን ያፈረሰ ማኅበሩ ይጠይቀዋል።

ስብሰባው የፊታችን እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት በእድሩ ድንኳን ነው። ማረፊያው ይሠራ የምትሉም ኑ፣ ተናገሩ፣ እንሰማችኋለን። ዓሣ የሚጠብሱ እናቶች በተለይ እንዳይቀሩ። ፕላኑ ላይ ከሁሉ የተረሱት እነሱ ናቸው። ቤቱ ቁጭ ብሎ በኋላ «ማን ፈቀደ?» የሚል ሰው ግን የፈቀደው እሱ ራሱ መሆኑን ይወቅ።

ከተማችን ስሟ ባሕር ዳር ነው። ዳሩ ከተወሰደብን የሚቀረን ስሙ ብቻ ነው። ዛሬ ዓሣ አጥማጁ ቢገፋ ነገ ከእሱ ቀጥሎ ያለው ጉሊት ቸርቻሪ ዳር ይሆናል፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ዛሬ መሃል ነኝ ብሎ የተቀመጠው የእኛ ቤት።

እንግዳ ይምጣ፣ ባለቤቱ ግን አይነቀል!

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት