ፕላዝማ ለአሶሳ ልጅ ቅንጦት አይደለም!

ወዳጆቼ፣ በተለይ ፊዚክስ ያስተማርኳችሁ ልጆች፣ እስኪ ይቺን አንብቡልኝ።

ሰሞኑን አንድ ስብሰባ ላይ ስለ ፕላዝማ ምርምር ሳነሳ «ለአሶሳ ልጅ ይሄ ምን ያደርግለታል? መጀመሪያ መርፌና ካቴተር ይሟላ» ተባልኩ። ሲሰሙት ለድሃ ያዘነ ይመስላል። ግን ካቴተሩ ከምን ተሠራ? ከፖሊመር አይደለም እንዴ? ፖሊመርን ለሕክምና ከሚያበቁት ሥራዎች አንዱ ደግሞ ይኸው ቅንጦት የተባለው ነገር ነው።

የደም ፕላዝማ ማለቴ አይደለም። በኤሌክትሪክ ኃይል ኤሌክትሮኖቹ የተላቀቁበትን ጋዝ ነው የምለው። በክረምት የአሶሳን ሰማይ የሚሰነጥቀው መብረቅ ፕላዝማ ነው። ለፕላስቲክ የሚውለው ግን ቀዝቃዛው ዓይነት ነው፤ ኤሌክትሮኖቹ እጅግ ቢግሉም ጋዙ ራሱ ብዙ ስለማይሞቅ ፕላስቲኩ አይቀልጥም።

ምን ይሠራል? ፖሊስታይሪን ላይ ውሃ ጠብ ብታደርጉ አይዘረጋም፤ ክብ ብሎ ይቀመጣል። ሕዋስም በደንብ አይዝበትም። በኦክስጅን ፕላዝማ ሲታከም ግን ላዩ ላይ ኦክስጅን ያዘሉ የኬሚካል ቡድኖች ይፈጠራሉ፤ ውሃው ይዘረጋል፣ ሕዋሱም ይይዛል። በየላቦራቶሪው ሕዋስ የሚያድግባቸው ሳህኖች የሚዘጋጁት በዚህ ዓይነት መንገድ ነው። ካቴተር ላይም የሚያንሸራትት ወይም ጀርም የሚከላከል ሽፋን እንዲጣበቅ ላዩን ያሰናዳል። የሚለወጠው ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ነው፤ ውስጡ እንዳለ ይቀራል።

ተአምር ነው አላልኩም። የታከመ ፕላስቲክ፣ በተለይ ሲሊኮን፣ ሲቆይ ቀስ በቀስ ወደ ቀድሞ ጠባዩ ይመለሳል። ክርክሬ እዚህ ላይ ነው! ከውጭ ገዝተን መጋዘን ያከረምነው ዕቃ ላዩ እንደነበረ መሆኑን ማን ይለካልን? የውሃ ጠብታን ከጎን በስልክ ካሜራ አንስቶ ማዕዘኑን መለካት የአንደኛ ዓመት ተማሪ ይችለዋል። ሙሉ ምርመራ አይደለም፤ መነሻ ግን ነው። ማምረት ባንችል እንኳ የምንገዛውን እንወቅ እንጂ!

ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ጉባ ላይ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግድብ አስመርቀናል። ኤሌክትሪኩ ከዚሁ ክልል ይነሳል፤ በኤሌክትሪክና በጋዝ የሚሠራውን ሙያ ግን የክልሉን ልጅ «አይመጥንህም» እንለዋለን። ይሄ ነው የሚያሳፍረው።

ፋብሪካ ነገ ይተከል አላልኩም። አንድ ቫክዩም ፓምፕ፣ አንድ ትንሽ የመስታወት ዕቃ፣ አንድ የኃይል ምንጭ፣ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያውቅ አስተማሪ፤ ከዚያ የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪና የጤና ተማሪ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ። በቃ።

ካቴተሩም ይሟላ፣ ካቴተሩን የሚያውቅ ልጅም ይሟላ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

የማትስማሙ ኮሜንት ላይ ኑ፤ እንከራከር።