ባልዲ የናቀ ሳሎን

ባለፈው እሑድ ክርስትና ተጠርቼ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ሄጄ ነበር። ዶሮው ተነሥቶ ቡናው እስኪቀርብ የቤቱ ጌታ ክንዴን ይዞ ወደ ሳሎኑ ጥግ ወሰደኝ። ባለ 75 ጋሎን አኳሪየም ቆሟል፤ 280 ሊትር ገደማ የጨው ውሃ መሆኑ ነው። ወዳጄ ግን ዓሣዎቹን አላሳየኝም። በርከክ ብሎ ከሥር ያለውን ቁም ሳጥን ከፈተና ዕቃዎቹን ያስጎበኘኝ ጀመር። ይሄ ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣው ስኪመር ነው፤ ይሄ በጨረር ተዋህስያን የሚገድለው፤ ይሄ ጨርቁን በራሱ እየጠቀለለ ቆሻሻ የሚይዘው፤ ይሄ ደግሞ ሁሉንም በስልክ የሚያዘው። አዲስ መኪና ገዝቶ ሞተሩን የሚያሳይ ሰው ነበር የሚመስለው። ከዚያ ቀና አለና፣ "አንተ አሁንም በባልዲ ነህ አይደል? ውሃ መቀየር እኮ ማጣሪያ መግዣ ያጣ ሰው ሥራ ነው" አለኝ።

የሰው ድግስ ላይ ነኝና ፈገግ ብዬ አለፍኩት። እዚህ ግን አላልፈውም።

ጥያቄዬ አንድ ነው። ናይትሬቱ የት ሄደ?

የጨው ውሃ ዓሣ የሚያረባ ሁሉ ነገሩን ያውቀዋል፤ ወዳጄም ያውቀዋል፣ የነገርኩት እኔ ነኝ። ዓሣ ይበላል፣ የበላውን ይጥላል፣ አሞኒያ ይወጣል። አንዱ የባክቴሪያ ወገን አሞኒያውን ናይትራይት ያደርገዋል፤ ሌላው ናይትራይቱን ናይትሬት። ሁለቱ ፊተኞች መርዞች ናቸው፤ በተለይ አሞኒያው ፈጥኖ ይገድላል። ናይትሬት ግን ትዕግሥተኛ ነው፤ ድምፁን አጥፍቶ ይጠራቀማል፣ አልጌውን ያፋፋል፣ ኮራሉን ያጠወልጋል። ስፖንጅም በለው ባክቴሪያ የሚሰፍርበት የፕላስቲክ ኳስ፣ አየር እንደ ልቡ የሚያገኝ ማጣሪያ ናይትሬት ላይ ሲደርስ ሥራው አለቀ። ከዚያ ወዲያ ያንኑ ውሃ ነው ሌት ተቀን የሚያዞረው። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ማለት ይኸው ነው፤ ልዩነቱ የዚህኛው ሙቀጫ የኤሌክትሪክ ሒሳብ ማስቆጠሩ ብቻ ነው።

ሒሳቡን ሦስተኛ ክፍል ያለ ልጅ ይሠራዋል። ናይትሬቱ በሳምንት በሊትር 2 ሚሊ ግራም ብቻ ቢጨምር፣ ባልዲ ያልነካው ገንዳ ዓመት ሲሞላው 100 አልፏል። ደህና ኮራል ያለበት የባህር ውሃ ውስጥ ያለው ከ1 ሚሊ ግራም በታች ነው።

"ድንጋዩስ ያለ ሥራ ነው የተቀመጠው?" የሚለኝ አይጠፋም። የተናደድኩትም በድንጋዩ ነው! ከባህር የወጣ ባለ ቀዳዳ ሕያው ድንጋይ ሆዱ ውስጥ ኦክሲጅን የማይደርስበት ሥፍራ አለው። እዚያ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ናይትሬቱን ሰባብረው ናይትሮጅን ጋዝ ያደርጉታል፤ ጋዙ ወጥቶ አየር ላይ ይበተናል። ያ ሁሉ ቁም ሳጥን የማይሠራውን ሥራ አንድ ዝም ያለ ድንጋይ፣ ያለ ገመድና ያለ ስልክ፣ ይሠራዋል። ወዳጄ ይህንን ድንጋይ "ሳሎኑን አጨለመብኝ" ብሎ አውጥቶ ጋራዥ ውስጥ ጥሎታል። የቀሩት ሁለት ቁራጮች ለመደበቂያ እንኳ አይበቁም። ልጁ ኒሞ የሚላት ብርቱካናማዋ ዓሣ መግቢያ አጥታ ከፓምፑ ጀርባ ተወትፋ አየኋት። (ከምጽዋ ማዶ፣ በዳህላክ ደሴቶች ዙሪያ የሚኖሩ ዘመዶች አሏት፤ እነሱስ ይህን ባያዩ ይሻላል።) በድንጋዩ ፈንታ ምን ገባ? በከረጢት የሚሸጥ የፕላስቲክ ኳስ።

ነገሩ አዲስ ፈተና ቢሆን ይቅር እለው ነበር። በ1961 እ.ኤ.አ. ሊ ቺን ኤንግ የሚባል ኢንዶኔዥያዊ በአንድ የአሜሪካ የዓሣ መጽሔት ላይ ዘዴውን ጽፏል፦ የባህር ውሃ፣ ሕያው ድንጋይ፣ ትንሽ አየር የሚያንቦጫቡጭ ቱቦ። አለቀ። ቀጥለው የበርሊን አርቢዎች ድንጋዩን ይዘው ስኪመር ጨመሩበት፤ ዘዴው ዛሬም የሚጠራው በከተማቸው ስም ነው። በ1986 ደግሞ ጆርጅ ስሚት በተከታታይ ጽሑፎች ውሃ በፕላስቲክ ላይ እያንጠባጠበ የሚያጣራውን ዕቃ ለአሜሪካኖች አስተዋወቀ። አገር ምድሩ ኳስ ገዛ። ኳሶቹ አሞኒያውን እንደ ጉድ በሉት፣ ናይትሬቱንም እንደ ጉድ አመረቱት። "የናይትሬት ፋብሪካ" የሚል ስም ወጣላቸው፤ ኮራል ያለው ሁሉ እያወጣ ጣላቸው። ይህ ከሆነ አሥርተ ዓመታት አልፈዋል። የኔ ሰው ሌላው የጣለውን ኳስ ዛሬ ገዝቶ፣ ሌላው የያዘውን ድንጋይ ጥሎ፣ እኔን ኋላ ቀር ይለኛል።

ስኪመሩን አልሰድብም፤ እኔም አለኝ። አረፋው ውሃ ውስጥ ያለውን የምግብና የእዳሪ ቅባት ይዞ ወደ ላይ ይወጣል፣ ጽዋው ላይ ይደፋዋል፤ በጣም ጥሩ ሥራ ነው። ግን አንዴ የሟሟን ናይትሬት አረፋ አይዘውም። የሚይዘውንም ቢሆን ሁሉንም አያወጣም። በፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰሩ ኬን ፌልድማን በ2009 እና በ2010 ባወጣቸው ጽሑፎች የተለያዩ ስኪመሮችን ለክቶ ነበር። ከሚለካው ኦርጋኒክ ካርቦን ያወጡት ቢበዛ ሲሶ ያህሉን ነው፤ እርስ በርሳቸውም ያን ያህል አልተበላለጡም። የወዳጄ ስኪመር ዋጋ ግን የኔን ሦስት እጥፍ ነው። ደረሰኙን አሳይቶኛል! ደረሰኝ የሚያሳይ ሰው ምን ይባላል?

እሱ እንግዳ ሊሸኝ ሲነሣ የስኪመሩን ጽዋ አንሥቼ አየሁት። አንገቱ ዙሪያውን እንደ ጠላ አተላ የወፈረ ቡኒ ልጋግ ለብሷል። አረፋው ጥቂት ይወጣና ልጋጉ ላይ ደርሶ ይመለሳል፤ ወደ ጽዋው የሚደፋው ነገር የለም። ይህ አንገት በየሁለት ሦስት ቀኑ በጨርቅ መጠረግ አለበት፤ በእጅ፣ በሰው እጅ። ስልኩ ላይ ግን ሁሉም አረንጓዴ ነው፣ "ደህና ነው" ይላል። ፓምፑ መዞሩን ያውቃል፤ አንገቱ መታነቁን ማን ይንገረው? በጣቴ ጠረግ አደረግሁት። ድፎ ዳቦው ሲመጣ ሁለተኛ እጄን ልታጠብ ተነሣሁ፤ ባለቤቱ ምን ነካው ሳትል አልቀረችም።

ሲመለስ፣ "ናይትሬቱ ስንት ነው?" አልኩት።

"አያሳስብም።"

"መለኪያው የለህም?"

እንዴት ይኖረዋል ብዬ ነበር፤ አለው። ከመሳቢያ አውጥቶ ሰጠኝ። ላስቲኩ አልተቀደደም። ያ ሁሉ ገንዘብ ወጥቶ፣ ከሁሉ የረከሰችው፣ እውነቱን የምትናገረው ዕቃ ከነላስቲኳ ተቀምጣለች። ቀድጄ ከፈትኩት። አምስት ሚሊ ሊትር ውሃ ቀዳሁ፤ ከመጀመሪያው ጠርሙስ አሥር ጠብታ። ሁለተኛው ጠርሙስ ደለል ስለሚቀመጥበት በደንብ ካልተናጠ ውሸት ይናገራል፤ ግማሽ ደቂቃ ቅቤ እንደሚገፋ ሰው ናጥኩትና ጨመርኩበት። የክርስትና እንግዶች ከበቡን። አምስት ደቂቃ ጠበቅን። ቢጫ የነበረው ውሃ ብርቱካናማ ላይ ሳይቆይ አልፎ ቀይ ሆነ፤ በሠንጠረዡ ላይ ከመጨረሻዎቹ ሣጥኖች አንዱ።

"መለኪያው ተበላሽቶ ነው" አለ። ማጣሪያው አይሳሳትምና።

በየወሩ ውሃቸውን ላቦራቶሪ ልከው የሚያስመረምሩ፣ የጎደለውን ማዕድን በሚሊ ሊትር እየለኩ የሚጨምሩ፣ ውሃ ሳይቀይሩም ኮራል የሚያሳድጉ እንዳሉ አውቃለሁ። ባርኔጣዬን አነሣላቸዋለሁ፤ ከባልዲ የሸሹት ሥራ ጠልተው አይደለም፣ ከባልዲ የበለጠ ሥራ ይሠራሉና። የመለኪያውን ላስቲክ ያልቀደደ ሰው ግን ከእነሱ መሐል ራሱን ሲቆጥር ዝም ብዬ አልሰማም።

የወዳጄ ዕቃ የመግዛት አመል ከየት እንደመጣም አውቃለሁ። መጀመሪያ ገንዳውን በገዛ በሦስተኛው ቀን ሦስት ዓሣ አስገባ። ባክቴሪያው ገንዳው ውስጥ ሰፍሮ እስኪደረጅ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል፤ እናቶቻችን ሊጥ ሳይቦካ ምጣድ አይጥዱም። ሦስቱም ዓሣዎች በሳምንቱ ሞቱ። ወደ ሱቁ ሄዶ ሲያማርር፣ ሻጩ "ጠብቅ" አላለውም፤ መጠበቅ አይሸጥም። "ማጣሪያህ ትንሽ ነው" አለው። ከዚያ ወዲህ በሞተው ዓሣ ቁጥር ልክ ዕቃ ይገባል። እቤታችን ልብስ የሚሰጣበት የመሮጫ ማሽን ያለን ሰዎች ይህን በሽታ እናውቀዋለን።

እኔ ምን እንዳለኝ ለሚጠይቅ፦ ገንዳውን ሲሶ የሚሞላ ድንጋይ፣ መካከለኛ ስኪመር፣ ውሃውን የሚያንቀሳቅሱ ሁለት ፓምፖች፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የምትሠራ የአየር መንፊያ። በየሳምንቱ ቅዳሜ ከገንዳው አንድ አሥረኛውን እቀይራለሁ። በወዳጄ ገንዳ ልክ ቢሆን 28 ሊትር ገደማ፣ ጨው አንድ ኪሎ ያህል ነው። የተጣራ ውሃ ከማታው እቀዳለሁ፣ ጨዉን በጥብጬ አሳድረዋለሁ። ጠዋት ከሬዲዮው ዜና እስከ ስፖርቱ ባለው ጊዜ ያልቃል። ወገቤን ያመኛል፤ አልዋሽም።

ለወዳጄ፦ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነፃ ነኝ። ባልዲ ሁለት አለኝ፤ ጨዉን አንተ ግዛ። በአንድ ቀን ብዙ ቀይረን ዓሣዎቹን አናስደነግጥም፤ ጥቂት ሳምንታት እመላለሳለሁ። ጋራዥ የጣልካቸውን ድንጋዮች አይቻቸዋለሁ፤ ደርቀዋል፣ ውስጣቸው የነበረው ሁሉ ሞቷል። በርሜል ውስጥ በጨው ውሃ ተዘፍዝፈው ለብቻቸው ሳምንታት ካልቆዩ ወደ ገንዳው አይገቡም።