ጸጥታ የሚጠበቀው በዘር ነው ወይስ በሥራ?

የአንድ አገር ሕዝብ አርሶ ለመብላት፣ ነግዶ ለማትረፍና ልጁን ለማስተማር ከሁሉ አስቀድሞ ጸጥታ ያስፈልገዋል። ጸጥታን መጠበቅ የመንግሥት የመጀመሪያ ግዴታ ነው፤ ሕዝቡም በዚህ ሥራ መንግሥትን መርዳት ይገባዋል። በዚህ ላይ ክርክር የለም። ክርክሩ የሚነሣው በአፈጻጸሙ ላይ ነው፤ ይኸውም ጸጥታ አስከባሪው ወንጀለኛን ሲፈልግ ሰውን በሠራው ሥራ ይመርምር ወይስ በተወለደበት ወገን፣ በስሙና በአነጋገሩ ይጠርጥር የሚለው ነው።

በዘር መጠርጠር ይጠቅማል የሚሉ ሰዎች የሚያቀርቡት ምክንያት አላቸው። አንድ የታጠቀ ቡድን አባሎቹን የሚያገኘው ከአንድ ወገን ከሆነ፣ ፍተሻው በዚያው ወገን ላይ ቢበረታ ድካም ይቀንሳል፤ አደጋም ሳይደርስ ይገታል ይላሉ። ይህ አሳብ ሲሰሙት ብልኅነት ይመስላል፤ በተግባር ሲመዝኑት ግን ቀላል ሆኖ ይገኛል።

ለዚህም የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ምስክር ነው። መካነ ሰላም የምትገኝበት ወረዳ ስሙ ቦረና ይባላል። የዚህ ወረዳ ሰው ከአገሩ ርቆ በኬላ ላይ «አገርህ ወዴት ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ «ቦረና» ብሎ ይመልሳል፤ ጠያቂው ግን በኬንያ ወሰን ያለውን ቦረና ሊያስብ ይችላል። ለጋምቦና ወረኢሉም ስማቸው ከኦሮምኛ የመጣ ሲሆን፣ የሕዝቡ መነጋገሪያ አማርኛ ነው። በወሎ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተጋብቶና ተዛምዶ ስለሚኖር፣ የልጁ ስም የክርስቲያን፣ የአያቱ ስም የሙስሊም የሆነበት ቤት ብዙ ነው። እንግዲህ በስም፣ በቋንቋና በትውልድ ቦታ ሰውን እለያለሁ የሚል ጠባቂ በዚህ አገር ሰው ላይ ምን ይዞ ይፈርዳል? ንጹሑን ይዞ ሲያንገላታ፣ ወንጀለኛው በማይጠረጠር ስም ኬላውን ያልፋል።

ይህ አሠራር በአገራችን ያልተሞከረ አይደለም። ፋሺስት ኢጣልያ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የጣሉት ጥቂት ሰዎች ሳሉ፣ በአዲስ አበባ ብዙ ሺህ ንጹሐንን ገደለ፤ የደብረ ሊባኖስንም መነኮሳት ፈጀ። በዚህም ጸጥታን አላገኘም፤ ጫካ የገባው አርበኛ በዛ እንጂ አላነሰም። በቅርቡም ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ከታወጀ በኋላ፣ በአዲስ አበባ የተደረገው እስር ብሔርን መሠረት ያደረገ እንደሚመስል የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ገልጦ ነበር፤ በዚያን ጊዜ የተነገረው ስለ ትግራይ ተወላጆች ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ሌላ ዐዋጅ በወጣ ጊዜ ደግሞ ኮሚሽኑ በዚያው ከተማ በስፋት ስለ ተያዙት የአማራ ተወላጆች ተናገረ። ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ተጠርጣሪው ወገን ተለወጠ። ጎረቤቱ በዘሩ ሲያዝ ዝም ያለ ሰው፣ ተራው ወደ እርሱ እንደሚዞር ከዚህ ሊማር ይገባዋል።

የሌላውም ዓለም ልምድ ይህንኑ ያስረዳል። የአሜሪካ ጉምሩክ መሥሪያ ቤት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1998 መንገደኞችን በመልካቸው እየለየ ይፈትሻል ተብሎ ተወቅሶ ነበር። ከዚያ በኋላ ሹሞቹ ደንቡን ለውጠው፣ ፈታሹ የመንገደኛውን አኳኋንና ማስረጃን እንዲከተል አደረጉ። በ2000 የፍተሻው ቁጥር ከቀድሞው ወደ ሩብ ያህል ወረደ፤ ከተፈተሹት መካከል የተከለከለ ዕቃ የተገኘባቸው ሰዎች ድርሻ ግን ከዕጥፍ በላይ ሆነ። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ መልክን የሚከተል ዐይን በእጅ የተያዘውን አያይም።

ከዚህም ሁሉ የሚበልጠው ጉዳት የሕዝብን አፍ መዝጋቱ ነው። የጸጥታ አስከባሪው ዐይንና ጆሮ ሕዝቡ ነው። አባቶቻችን ይህን ስለሚያውቁ፣ ወንጀል ሠሪው ሲሰወርባቸው በአፈርሳታ የአገሩን ሰው ሰብስበው ያየውንና የሰማውን በመሐላ ይናገር ዘንድ ይጠይቁት ነበር። አፈርሳታ ንጹሑን ሁሉ ሥራ አስፈትቶ የማዋል ጉድለት ነበረበት፤ ሆኖም ወንጀለኛን የሚያውቀው ጎረቤቱ ነው የሚለው መሠረቱ ትክክል ነበር። በዘሩ ታስሮ የተዋረደ ሰው ግን በማግሥቱ ያየውን ሊናገር ወደ ፖሊስ ጣቢያ አይመጣም፤ ልጁና ዘመዱም እንዲሁ።

ምስክር ያየውን የአንድ ሰው መልክ ይዞ ያንኑ ሰው መፈለግ የተገባ ነው፤ እርሱን መሰላችሁ ብሎ ወገኑን ሁሉ መያዝ ግን «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» እንደሚባለው ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆኑን፣ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት ደንግጓል። ቀድሞ በብዙ ቦታ የቀበሌ መታወቂያ የብሔር መስመር ነበረው፤ በዐዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተመሠረተው የፋይዳ መታወቂያ ግን ብሔርን አይጠይቅም። ወረቀቱ የተወውን ጥያቄ ጠባቂው በአፉ እንዳይመልሰው መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ስለዚህ በዐባይ ማዶ ከጎጃም መጥቶ ወደ ወሎ የሚሻገረው ነጋዴ በኬላ ሲቆም ጭነቱ ይፈተሽ፤ የጦር መሣሪያ ቢገኝበት በሕግ ይጠየቅ፤ ካልተገኘበት በሰላም ይለፍ። ጠባቂውም ሰውን የያዘበትን ምክንያት ለአለቃው በጽሑፍ ያስረዳ፤ «ስሙ ጠረጠረኝ» የሚል ምክንያትም ተቀባይነት አያግኝ። መካነ ሰላም ማለት የሰላም ቦታ ማለት ነው። አገር ሁሉ የሰላም ቦታ የሚሆነው ጥፋተኛው በጥፋቱ ሲያዝና ንጹሑ በትውልዱ ሳይሰጋ መንገዱን ሲሄድ ነው።